ጫማዋን የምትፈልገው ሟች

የሰደበኝ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቀኑ ልጃችን የተመረቀችበት እሁድ ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ሰሃን ተነሥቶ፣ ሰው ሆዱን እያሻሸ ወሬ በጀመረበት ሰዓት። ቦታው የእሱ ሳሎን። እኔ የተቀመጥኩት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ አንድ እግሯ በምትነቃነቅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር። ሶፋው ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ተደርድረዋል። ያንን ሶፋ ሞላውን ቀይሬ፣ ስፖንጁን ሞልቼ፣ ጨርቁን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው፤ አሮጌ ሶፋ አድሳለሁ። «ተነሥና እዚህ ተቀመጥ» ያለኝ ሰው ግን የለም። ይህንንም ይዣለሁ።

ከጓደኞቹ አንዱ «ሰሞኑን ምን ፊልም አያችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ሁሉንም ነው፤ እኔም ከሁሉም አንዱ ነኝ ብዬ መለስኩ። «እንቅልፍ ነሺው» የምንለው ሰውዬ ስለሠራው አዲስ ፊልም ማውራት ጀመርኩ። የሞተ ዘበኛ ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እየመጣ ሰው የሚፈትሽበት ነው። ዘበኛው ሥራ አስኪያጁን ሊፈትሽ እጁን ሲዘረጋ፣ እጁ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀርና ሁለቱ ሰዎች እንደተጣበቁ ስብሰባ ሲገቡ ያለውን ሳልጨርስ፣ የሚስቴ ወንድም ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን አወዛወዘ።

«ተወው እባክህ» አለ። «የዚያ ሰውዬ ፊልም የሚሠራው እንዳንተ ላለው ነው። ጭንቅላቱን ቤቱ አስቀምጦ ለሚመጣ።»

ሳቁ። ልጄም ሳቀች። ልጅ ናት፣ ሳቅ ይጋባል ብዬ ለእሷ ትቼላታለሁ። ለእሱ ግን አልተውኩም።

ቤተሰቡ «ምሁሩ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። እህቱን ሳገባ ገና ተማሪ ነበር። የዩኒፎርም ሱሪው ሲያጥርበት ጫፉን እየፈታሁ ያስረዘምኩለት በዚህ እጄ ነው። ያኔ «ጋሼ» ነበርኩ። ዲግሪውን የጫነ ቀን «ጋሼ»ን አወረደ። ሁለተኛውን ሲጭን ስሜንም ተወው፤ አሁን «አንተ» ብቻ ሆኛለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። አውቀዋለሁ፤ ማንም እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም።

እንቅልፍ ነሺው ማን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ፊልም ሠሪ ነው። የሚያስፈራና የሚያስቅ ፊልም ይሠራል፤ አንዴ አስፈሪ፣ አንዴ አስቂኝ አይደለም፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ከፊት ያሉት ርካሽ ወንበሮች ላይ አንጋጠን የምናየው። ከፊልሙ ወጥተን ቤታችን ስንገባ መጋረጃው ትንሽ ከተነቃነቀ መብራት እናበራለን፤ አብርተን ደግሞ በራሳችን እንስቃለን። እንቅልፍ የሚባል የለም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ካሜራው አይቸኩልም። የተዘጋ በር ያሳየናል። በሩ ዝም፣ እኛም ዝም። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሣ ሰው ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ከዚያ በሩ ሲከፈት የሚገባው ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ። አዳራሹ በሳቅ ያረግዳል። ሳቁ ሳያልቅ፣ አፋችን ገና እንደተከፈተ፣ ከቆጣሪ አንባቢው ትከሻ ጀርባ የሆነ ነገር ቀና ይላል። ሰው ሲስቅ በሩን ከፍቶ ነው የሚስቀው፤ እንቅልፍ ነሺው በዚያ በር ነው የሚገባው። የጥርስ ሐኪሙ ፊልም ላይ የተነቀሉት ጥርሶች ብርጭቆ ውስጥ ሆነው ሐኪሙን ያሙታል፤ ሚስቱንም ያሙለታል። ሐሜቱ በሳቅ ሆድ ያሳምማል። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ግን ጥርሶቹ ከብርጭቆው ወጥተው ቤት ፍለጋ ይመጣሉ።

ይህን የወደደ ብዙ ነው። እኔ የወደድኩት ሌላም አለ። የእሱ ሙታን ለደም አይነሡም። ዘበኛው የተመለሰው ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደርክ» ብሎት ስለማያውቅ ነው። አንዲት ልብስ አጣቢ ደግሞ የተመለሰችው ከሞተች በኋላ «ሸሚዙ አልጠራም» ስላሏት ነው። ሰው ለትልቁ በደል ይሞታል፤ ከመቃብር የሚነሣው ግን ለትንሿ ነው። ይህ የገባው ሌላ ፊልም ሠሪ አላየሁም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ «አሁን ይኼ ሰውዬ እኔን ከየት አገኘኝ?» እላለሁ።

ከሚስቴ ጋር ነበር የምናየው። ሚስቴ ፈሪ ናት፤ በረሮ ካየች ወንበር ላይ ትወጣለች። ገና ስንጫጭ ሲኒማ ቤት ይዣት የሄድኩት ሌላ ቦታ ስለማላውቅ ነው። ፊልሙ ሟች አማት ወደ ምራቷ ቤት የምትመለስበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ እሷም ሳቀች፣ ጥሩ ነበርን። ከዚያ ሟቿ አማት ከጣሪያው በእግሯ በኩል ቁልቁል መምጣት ስትጀምር፣ ሚስቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለችና ክንዴን ያዘች። ያኔ ሚስቴ አልነበረችም፤ ክንዴንም ይዛው አታውቅም ነበር።

«ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ ከሻርፑ ውስጥ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ አማትየዋ አፏን ከፍታ ነበር። ከአፏ ውስጥ እጅ እየወጣ ነበር። አዳራሹ ይጮሃል። ይህን ብነግራት ተነሥታ ትሄዳለች፤ ክንዴም ባዶውን ይቀራል።

«ጫማዋን እየፈለገች ነው» አልኳት።

«ምን?»

«አንድ እግሯ ባዶ ነው። ስትቀበር ወልቆባት ይሆናል። አልጋ ሥር ገብታ እየፈለገች ነው፤ ቂጧ ብቻ ነው የሚታየው።»

ሳቀች። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሷ ብቻዋን ተንከተከተች። ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ዞር ብሎ ዕብድ እንደሚያይ ሰው አያት።

ከዚያ ወዲህ አያያዛችን ይኸው ሆነ። የሚያስቀውን በዐይኗ ታያለች፤ የሚያስፈራው ሲመጣ ሻርፑ ይወርዳል፣ «ምን ሆነ?» ትላለች፣ እኔ እነግራታለሁ። ጥርሶቹ ሐኪሙን ሲበሉት እኔ ጋ አፉን ይቦርሹታል። ዘበኛውና ሥራ አስኪያጁ ሲለያዩ ደም እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ እኔ ጋ ግን የሥራ አስኪያጁ ቀበቶ ብቻ ነው የተበጠሰው። ዐይኔ መጋረጃው ላይ፣ አፌ ጆሮዋ ላይ፤ ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት። ያቺ አማት ደግሞ ቤታችን ገባች። ተጋብተን፣ ልጅ ወልደን፣ የልጅቷ አንድ ካልሲ ሲጠፋ «አማትየዋ ወስዳው ነው» እንባባላለን። ልጃችን አማትየዋ እውነተኛ አያቷ እየመሰለቻት ነው ያደገችው።

ኋላ ሚስቴን ስኳር ያዛት። ስኳሩ ዐይኗ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ጭጋግ አለች፣ ቀጥላ ጥላ አለች፣ ከዚያ ምንም ማለት ተወች። ሐኪሙ የሚቻለውን አደረገ። ቤት ውስጥ ዕቃ ሁሉ ቦታ ተሰጠው፤ ጠረጴዛው አይነቃነቅም፣ ወንበሩ ከግድግዳው አይርቅም። እኔም የሶፋ ጨርቅ ሳመጣ እጇ ላይ አደርግላታለሁ፣ በመዳፏ እያሸች «ይኼ ይቆሽሻል፣ ያኛውን በልላቸው» ትላለች። አትሳሳትም።

ሲኒማ መሄድ ግን ተወች። «ከእንግዲህ ምን ሊሆነኝ» አለች፤ አልተከራከርኳትም።

እንቅልፍ ነሺውም አረጀ። በዚህ መሀል ሰውዬው በውጭ አገር ተሸለመ ተባለ። ሲሸለም ጊዜ የተማረው ሁሉ ድንገት ወደደው። ያ «ጭንቅላቱን ቤቱ አስቀምጦ ለሚመጣ» ያለው ምሁሩ ስለ ፊልሞቹ መጻፍ ጀመረ፤ ልጄ አንዱን አነበበችልን፣ ከርዕሱ በስተቀር አልገባኝም። ቀጥሎ የክብር ዝግጅት ተሰናዳ ተባለ። የድሮው የአማትየዋ ፊልም ይታያል፣ ዳይሬክተሩም ይገኛል፣ መድረኩን የሚመራው ምሁሩ ነው። ጥሪ ለእህቱ መጣ። «ከአንድ አጃቢ ጋር» ይላል።

«አጃቢው አንተ ነህ» አለችኝ ሚስቴ።

«አልሄድም።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ዐይንሽ...»

«ዐይኔን እኔ አውቀዋለሁ። ሰውዬውን አንድ ነገር ልለው ነው የምሄደው።»

«ምን ልትይው?»

«ለእሱ ነው የምለው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

ያስጨነቀኝማ ግልጽ ነው። ሚስቴ የምታውቀው ፊልም ግማሹ የእኔ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ ከእሷ በስተቀር፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ተነሥታ ስለ አንዱ ብትጠይቅና «የለም» ቢሏት፣ ያን ሁሉ ዘመን ክንዴን ይዛ የሳቀችው በምን ላይ ነው? ዐይኗን ሰጥታኝ፣ የሰጠችኝን ዐይን ምን አደረግኩት? ምሁሩ ሺህ ጊዜ ቢሰድበኝ ተሸክሜዋለሁ። እሷ አንድ ጊዜ «ተጫወትክብኝ» ብትለኝ ግን የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ መዶሻው ጣቴን ሲመታኝ ሰነበተ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። አዳራሹ አዲስ ነው፣ ወንበሮቹ ለስላሳ፣ ስፖንጃቸው ግን ቀጭን፤ አንድ ዓመት አይቆይም። ሚስቴ ሰማያዊ ኮቷን ለብሳለች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። መብራቱ ጠፋ። እኔም እንደ ድሮው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። ምራትየዋ በር ስትቆልፍ ነገርኳት፣ ድመቷ ስትሸሽ ነገርኳት። ከኋላችን አንዲት ሴት «እባካችሁ» አለች። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አማትየዋ ከጣሪያው መውረድ ጀመረች።

«እውነቱን ልንገርሽ?» ማለት አማረኝ። አልቻልኩም።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ጫማዋን...» አልኩ።

«እሺ፣ አልጋ ሥር ገባች» አለች ራሷ፣ ክንዴን መታ መታ እያደረገች፣ እንደ ሕፃን።

ፊልሙ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ መብራት በራ። እንቅልፍ ነሺው መድረኩ ላይ ወጣ። በሐሳቤ ግዙፍ አድርጌው ኖሬ፣ የሸሚዙ አንገት የሚሰፋው፣ ቀጫጫ፣ ዐይን አፋር ሽማግሌ ነው። ወንበሩ ላይ ጫፉን ብቻ ነው የተቀመጠው፣ ሰው ቤት እንደመጣ። አጠገቡ ምሁሩ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ረዥም ነገር ተናገረ። «ጌታችን» እያለ ይጠራዋል። ሽማግሌው ጉልበቱን ያሻል።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ሲባል የሚስቴ እጅ ከእጄ ወጣ። «ተይ» አልኳት። እጇ አልወረደም። ማይክ አመጡላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እኔ የድሮ ተመልካችዎ ነኝ። ያቺ ሟች አማት አልጋ ሥር ገብታ ጫማዋን የምትፈልግባት አለች። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አሁን እንኳ ሌሊት ስኳሬ ከፍ ብሎ እንቅልፍ ሲነሣኝ እሷን አስቤ እስቃለሁ። ይህን ልንገርዎ ብዬ ነው።»

አንድ ሰው የሳለ መሰለ፣ ሳል አልነበረም። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ ይሰማኛል። ምሁሩ ማይኩን አነሣ።

«ይቅርታ፣ ታላቅ እህቴ ናት» አለ ፈገግ ብሎ። «እትዬ፣ እንደዚያ የሚባል ነገር ፊልሙ ላይ የለም። ዐይኗን ስለሚያማት ባለቤቷ ነው የሚነግራት። እሱ ደግሞ ትምህርቱም ብዙ አይደለም፣ እንዳገኘ ነው የሚያወራው።»

አሁን በግልጽ ሳቁ። እኔ የማየው የሚስቴን ፊት ብቻ ነበር። ምንም አላነበብኩበትም። ተነሥቼ ልውጣ፣ ትቼያት እንዴት ልውጣ፣ ይዣት ልውጣ ብል በየትኛው እጄ። እንዲህ ስል እንቅልፍ ነሺው ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«አገኘችው?» አለ።

«ምኑን?» አለው ምሁሩ።

«አንተን አይደለም። እናቴ፣ አማትየዋ ጫማዋን አገኘችው ወይ?»

ሚስቴ ማይኩን ጠጋ አደረገችው። «አላገኘችውም» አለች። «ምራቷ አድርጋዋለች። ያኔ ምራቷ አልጋው ላይ እግሯን ሰብስባ የተቀመጠችው ፈርታ እኮ አይደለም፤ ጫማውን ደብቃ ነው።»

ይህን እኔ ነግሬያት አላውቅም። በአባቴ መቃብር፣ እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ እንደሆነ የገባኝ። ብቻውን ረዥም ሳቀ። ሌላው ሰው መሳቅ ይሁን ዝም ማለት ጠፋው።

«ያንን ክፍል ስሠራው» አለ በመጨረሻ፣ ዐይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ «እናቴን ከቀበርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሌላውን ሁሉ እያሳቅሁ ሠራሁት፤ እዚያች ላይ ስደርስ ሳቅ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እጅ አወጣሁላት፣ አስፈራራሁ፣ አለፍኩ። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር እዚያች ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ጫማ ነው ለካ።»

ከዚያ ወደ እኛ አቅጣጫ ተመለከተና «ባለቤትዎ አጠገብዎ ነው?» አለ።

«አለ» አለች። «እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ስለ ብርሃንና ጥላ ጠየቀው፤ መልሱን አልሰማሁም።

ስናበቃ ሰው እስኪሳሳ ጠብቀን ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ግድግዳ አስደግፌ አቆምኳትና ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንደማይፈልግ... እንደማትፈልግ። ጫማዋን።»

«ከመጀመሪያው ቀን። አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዐይኔን ሸፈንኩ እንጂ ጆሮዬን መቼ ሸፈንኩ? አዳራሽ ሙሉ ሰው አሮጊት ጫማ ፈለገች ብሎ ይጮሃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገር ትተወዋለህ። ሰዉ ሁሉ አንድ ፊልም ያያል፣ እኔ ሌላ አለኝ። ለምን ብዬ አጣዋለሁ?»

«ዛሬስ? ዛሬ ለምን ተነሣሽ?»

ሻርፗን አስተካከለች። እጇ ቶሎ አላገኘችውም፣ እኔም አላገዝኳትም፤ ሰው ሲያግዛት ትቆጣለች። «ዐይኔ ከጠፋ ጀምሮ እያሰብኩት ነው» አለች። «ሰውዬው ሽማግሌ ነው። አንተም እየሸመገልክ ነው። ሁለታችሁ በሠራችሁት ነው የሳቅሁት፤ እሱ ግማሹን ሳያውቅ እንዳይሞት ብዬ ነው። የሱን ግማሽማ ሁሉም ያመሰግንለታል።»

የኮቷ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር፣ እሱን ቆለፍኩላት። ጣቶቼ ማስቲሽ የበላቸው ሻካራ ናቸው፤ አገጯን ነካኋት፣ ፊቷን አላሸሸችም።

ምሁሩ ያገኘን እንደዚህ ቆመን ነው። ከመድረኩ ቀጥታ መጥቶ ነው መሰለኝ ማይኩ ገና በእጁ ነው። ለእህቱ ሰላም እንኳ አላለም።

«ደስ አለህ?» አለኝ። «ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ፣ ያን ሁሉ ለፍቼ፣ አሁን የሚያወሩት ስለ ጫማ ነው። አዋረድከኝ። ዐይነ ስውር ሚስትህን ልከህ አስቀለድክብኝ። አንተን እኮ አውቃለሁ፣ ያኔም ብዬሃለሁ፤ ስፖንጅ ነህ፣ የተቀመጠብህን ሁሉ ትመጥጣለህ እንጂ የራስህ ምንም የለህም።»

አጠገባችን የነበሩ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩን። እኔ ለዚህ ሰውዬ መልስ አለኝ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ስሠራው የኖርኩት ነው፤ ሶፋ ስፈታ፣ ሚስማር ስነቅል፣ ሞላ ስጠምዝ፣ እንደ ቢላ ስስለው ኖሬያለሁ። ሱሪውም አለበት፣ «ጋሼ»ም አለበት፣ የሚያውቀውና ማንም ያውቀዋል ብሎ የማያስበው ሌላ ነገርም አለበት። ቢሰማው ለብዙ ጊዜ ቀና አይልም። አፌን ከፈትኩ።

ሚስቴ ክንዴን ሳብ አደረገችው።

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። «ቅድም ማይኩን ከያዝኩ ጀምሮ ይዞኛል።»

«በግራ ነው፣ ደረጃ የለውም» አልኳት። ክንዴ ውስጥ እጇን አስገባች። እሱ እዚያው እንደቆመ ነው፤ መልሴን የሚጠብቅ ይመስላል። እኛም በግራ በኩል ሄድን።